አየርን የሚሸጥ ንግድ፤ ስለ ባሕር መጥለቅና ስለ ትምህርቱ

ንግድ ሲባል በሚዛን የሚመዘን፣ በሜትር የሚለካ ወይም በጆንያ ታስሮ በመጋዘን የሚከማች ዕቃ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በሞቃት ባሕሮች ዳር ከሚካሄዱት የንግድ ሥራዎች አንዱ ዋና ሸቀጡ አየር ነው። አየሩ በብረት ወይም በአሉሚኒየም ሲሊንደር ውስጥ በኀይል ታምቆ ይሞላል፤ ደንበኛው ሲሊንደሩን በጀርባው አዝሎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የተሰጠውንም አየር በውኃ ውስጥ ተንፍሶ ካበቃ በኋላ ባዶውን ዕቃ ለባለመደብሩ ይመልሳል። በእጁ ይዞት የሚወጣ ነገር የለም። ይህ ሥራ በውጭ አገር አጠራሩ ስኩባ ይባላል፤ ሥራውን የሚያስተምሩና መሣሪያውን የሚያከራዩ መደብሮችም ከታይላንድ እስከ ግብጽ፣ ከዛንዚባር እስከ ጅቡቲ ይገኛሉ።

«ይህ ነገር የኛን ነጋዴ ምን ያገባዋል?» የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። አስመጪዎቻችንና ላኪዎቻችን ዕቃ ለማስለቀቅና ለማስጫን ወደ ጅቡቲ መመላለሳቸው የታወቀ ነው። መርከብ እስኪራገፍ ወይም አንድ የጎደለ ሰነድ እስኪደርስ ድረስ ሦስትና አራት ቀን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አለ። በዚህ መካከል አንድ ወዳጅ ወይም አንድ የመርከብ ወኪል «ነገ ዓርብ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ዝግ ነው፤ ና ባሕሩን እናሳይህ» ብሎ ይጋብዛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ዘንድ በጸሐፊነት የሚያገለግል እንደ መሆኑ፣ ይህን ግብዣና ከግብዣው በኋላ የሚነሡትን ጥያቄዎች ደጋግሞ ሰምቷል። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱ በተለይ የደጋ አገር ሰዎችን የሚመለከትና ብዙ ሰው የማያስበው በመሆኑ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቀይ ባሕር መጥለቅ አዲስ ሥራ አይደለም። ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሉልና የሉል ዛጎል የሚያወጡ ጠላቂዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች መሣሪያቸው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። ሳንባቸውን አየር ሞልተው ይወርዳሉ፤ ዛጎሉን ለቅመው ትንፋሻቸው ሳያልቅ ይወጣሉ። ሉሉ ወደ ሩቅ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ዛጎሉም ለአዝራርና ለጌጥ ሥራ ይሸጥ ነበር። በኋላ ግን ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 ሉልን በእርባታ ለማግኘት የጀመረው ሥራ እየሰፋ ሄዶ የተፈጥሮውን ሉል ዋጋ አወረደው፤ የዛጎሉንም አዝራር የፕላስቲክ አዝራር ተካው። ላኪዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ አንድ ሸቀጥ ገበያው የሚጠፋው ከምንጩ ስላለቀ ብቻ አይደለም።

በዚያ በድሮው ንግድ አደጋው የጠላቂው፣ ትርፉ ግን ይበልጡን የነጋዴው ነበር። የዛሬው ንግድ ይህን ገልብጦታል። አሁን የሚጠልቀው ገንዘብ የከፈለው ደንበኛ ራሱ ነው። ስለዚህ ባለመደብሩ የሚሸጠው አየር ወይም የሚሰጠው ትምህርት ጉድለት ቢኖርበት፣ ደንበኛው ዕቃውን መልሶ «ገንዘቤን ስጡኝ» ለማለት ዕድል ላያገኝ ይችላል። በጨርቅ ንግድ ናሙናው በጣት ይዳሰሳል፤ በቡና ንግድ ይቀመሳል። አየርን ግን አይቶ ወይም ዳስሶ መለየት አይቻልም። ገዢው መመርመር የሚችለው ሻጩንና የሻጩን አሠራር ብቻ ነው።

የመሣሪያው አመጣጥ ራሱ ለነጋዴ የሚጥም ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ቤንዚን እጅግ ስላጠረ አውቶሞቢሎችን በጋዝ ማስኬድ ተለምዶ ነበር። የኤር ሊኪድ ኩባንያ ኢንጂነር የነበረው ኤሚል ጋኛን ለዚሁ ሥራ የሚሆን፣ ሞተሩ በሚስበው መጠን ብቻ ጋዝ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። የባሕር ኀይል መኮንን የነበረው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ደግሞ በውኃ ውስጥ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ የመተንፈሻ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ለሞተር የታሰበውን መቆጣጠሪያ ለሰው ሳንባ አስማሙት፤ በ1943ም ሞከሩት። ጠላቂው ሲስብ አየር ይሰጠዋል፤ ሳይስብ ሲቀር ይዘጋል፤ የሚሰጠውም አየር ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ካለው ግፊት ጋር የተካከለ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ለገበያ ቀረበ። በ1952 እና በ1953 አንድ የጣሊያን ጠላቂዎች ጓድ ይህን የመሰለ መሣሪያ ይዞ ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥቶ ነበር፤ በዚያም ፎልኮ ኩዊሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» የተሰኘውን ፊልም አነሣ። የሉል ጠላቂዎቹ በእጃቸው ሲዳስሱት የኖሩትን የባሕር ወለል የዓለም ሕዝብ በቀለም ያየው እንደዚህ ባሉ ፊልሞች ነው።

መሣሪያው በየመደብሩ መሸጥ ሲጀምር ግን ገዢው አጠቃቀሙን አያውቅም ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1953 የጠላቂዎች ክበብ ተቋቋመ፤ በ1959 በሞናኮ ሲማስ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። በ1966 ደግሞ በአሜሪካ ፓዲ የተባለውን ድርጅት ሁለት ሰዎች መሠረቱት፤ ከሁለቱ አንዱ ጆን ክሮኒን የመጥለቂያ ዕቃ ሻጭ፣ ሌላው ራልፍ ኤሪክሰን የዋና አስተማሪ ነበሩ። ሻጭና አስተማሪ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያልሠለጠነ ደንበኛ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ይፈራል፤ ዕቃውንም ጓዳ ያስቀምጠዋል። የሠለጠነው ግን በየዓመቱ ይመለሳል።

ወደ ትምህርቱ ስንገባ፣ ነጋዴ ቶሎ የሚገባው ሒሳብ ነውና ከሒሳቡ እንጀምር። በባሕር ጠረፍ ላይ ቆመን ሳለን በላያችን ያለው አየር የሚጫነን ግፊት ወደ 1 ባር ገደማ ነው። ወደ ባሕር ስንወርድ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ይጨመርብናል፤ በ10 ሜትር 2፣ በ20 ሜትር 3፣ በ30 ሜትር 4 ይሆናል። አየር በግፊት ስለሚታመቅ፣ ጠላቂው በ20 ሜትር ጥልቀት አንድ ጊዜ የሚተነፍሰው አየር በየብስ ላይ ከሚተነፍሰው ሦስት እጥፍ ከሲሊንደሩ ይወስዳል።

አሁን ሲሊንደሩን እንደ ገንዘብ ሣጥን እንቁጠረው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ቢሞላ በውስጡ 2,400 ሊትር አየር አለ። ከዚህ ውስጥ 50 ባሩ፣ ማለት 600 ሊትሩ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያ ስለ ሆነ አይነካም። ለወጪ የሚሆነው 1,800 ሊትር ነው። የተረጋጋ ሰው በየብስ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል ብንል፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ወጪው 40 ሊትር ይሆንና ገንዘቡ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። በ20 ሜትር ወጪው 60 ሊትር ነው፤ የሚበቃውም 30 ደቂቃ ነው። በ30 ሜትር ደግሞ 80 ሊትር ወጪ ሆኖ ከ23 ደቂቃ በታች ያልቃል፤ መውረጃውና መውጫውም ከዚሁ ላይ የሚቀነስ ነው። ጀማሪ ሰው ግን ስለሚፈራና እጅ እግሩን ስለሚያወራጭ በደቂቃ 30 ሊትር ቢተነፍስ አያስደንቅም፤ እንዲህ ያለው ሰው በ20 ሜትር ጥልቀት ያንኑ 1,800 ሊትር በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሲሊንደር ይዘው ወርደው አንደኛው ቀድሞ ቢጨርስ «የኔ ጎድሎ ነው የተሞላው» ብሎ መካሰስ አይገባም። ማኖሜትሩን ከመውረዱ በፊትና በውኃ ውስጥም በየጥቂት ደቂቃው ማየት የእያንዳንዱ ጠላቂ ግዴታ ነው፤ ሌላ ሰው አይቶ አይነግርለትም።

ከሒሳቡ ቀጥሎ የሚመጣው ደንብ የሕይወትና የሞት ደንብ ነው፤ በውኃ ውስጥ ከሲሊንደር እየተነፈሱ ትንፋሽን መያዝ ፈጽሞ አይፈቀድም። ምክንያቱም ይህ ነው። አንድ ሰው በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባውን በ6 ሊትር አየር ሞልቶ አፉን ዘግቶ ቢወጣ፣ ያ አየር ውኃው ላይ ሲደርስ 12 ሊትር ሊሆን ይፈልጋል። ሳንባ ይህን መያዝ ስለማይችል ይቀደዳል፤ አየሩም ወደ ደም ገብቶ ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ብዙ ጥልቀት አያስፈልግም፤ ሁለት ሜትር በማይሞላ የመዋኛ ገንዳ እንኳ ሊደርስ የሚችል አደጋ ነው። የሉል ጠላቂዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ወርደው ይዘው ሲወጡ ይህ አደጋ አልነበረባቸውም፤ አየሩን የሳቡት ከላይ ስለ ነበረ ሲመለሱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ብቻ ይመለሳል። የሲሊንደር ጠላቂ ግን አየሩን የሚስበው ከታች፣ በታመቀበት ስፍራ ነው። በውኃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝን ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደ ጥሩ ዋናተኛ በዚህ ትምህርት ከማያውቀው ሰው ይልቅ የሚቸገርበት ጊዜ ያለውም ለዚህ ነው።

ስለ ጆሮም አንድ ቃል ልበል። ግፊቱ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ስለሚጫን፣ ጠላቂው ሲወርድ አፍንጫውን ይዞ በቀስታ እየነፋ ማስተካከል አለበት፤ ሕመም ሳይሰማው በፊት፣ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ። ጉንፋን የያዘው ሰው በዚያን ቀን ከጀልባው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ቢመለከት ይሻለዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ናይትሮጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ናይትሮጅን መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ ጋዝ በየብስ ላይ ጉዳትም ጥቅምም ሳይሰጠን ይገባል፤ ይወጣል። በጥልቀት ግን ግፊቱ እየገፋ ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ያስገባዋል፤ በቈየን መጠንም ይጠራቀማል። ክዳኑ ያልተከፈተ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በውስጡ አረፋ አይታይበትም፤ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን ይፍለቀለቃል፤ በቀስታ ጥቂት በጥቂት ቢከፈት ደግሞ ሳይገነፍል ጋዙ ይወጣል። የጠላቂው ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ፈጥኖ ቢወጣ ናይትሮጅኑ በደሙና በመገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ይሆናል። ይህን ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው ጥናት አስረዳ። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ ፍየሎችን በግፊት ክፍል እያስገባ ከመረመረ በኋላ በ1908 የመጀመሪያውን የአወጣጥ ሠንጠረዥ አወጣ። የዛሬው ጠላቂ ይህንኑ ሒሳብ የሚሠራለት ትንሽ ኮምፒዩተር በእጁ አንጓ ላይ ያስራል። የተለመደውም ደንብ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ መውጣትና በ5 ሜትር ጥልቀት ላይ ለ3 ደቂቃ ቆሞ ማረፍ ነው።

የበሽታው ምልክት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ ማሳከክ፣ ያለ ልክ መድከም፣ ሲብስም የእግር መስነፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜም ይዘገያል። በሽተኛው «ፀሐዩ ነው፣ የጀልባው መናወጥ ነው» እያለ ራሱን ማታለል ይወዳል። መድኀኒቱ ንጹሕ ኦክሲጅንና የግፊት ክፍል ሕክምና ነው፤ ተመልሶ ባሕር መግባት መድኀኒት አይደለም። ስለዚህ ሻጩን ከሚጠይቁት ጥያቄዎች ሁሉ የመጀመሪያው «ኦክሲጅን በጀልባው ላይ አለ ወይ? ቅርብ ያለው የግፊት ክፍልስ የት ነው?» የሚለው ሊሆን ይገባል። ባለመደብሩ ይህን ሲጠየቅ ቢቈጣ ወይም ቢስቅ፣ የገበያው ነገር እዚያ ላይ ቢቋረጥ ጥሩ ነው።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅም ያስፈልጋል፤ በዚህ ስፍራ ብዙ አለመግባባት አለና። አንድ ደንበኛ «ስኩባ ልማር» ብሎ ገንዘብ ሲከፍል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሸጡለት ይችላሉ። አንደኛው የሙከራ መጥለቅ ነው፤ ጥቂት ማብራሪያ ተሰጥቶት፣ አስተማሪው ከጎኑ ሳይለይ፣ ከ12 ሜትር ሳያልፍ አንድ ጊዜ ወርዶ ይወጣል። ይህ ለማየት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ አያሰጥም። ሁለተኛው ሙሉ ኮርስ ነው። በፓዲ አሠራር የመጀመሪያው ደረጃ የንባብና የፈተና ክፍል፣ በገንዳ ወይም በገንዳ በሚመስል ጸጥ ያለ ውኃ የሚደረግ ልምምድ፣ ከዚያም በባሕር ላይ 4 መጥለቆች አሉት፤ ተማሪው 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ተንሳፎ መቈየት መቻሉን ያሳያል። ይህን የፈጸመ ሰው ከጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ ይፈቀድለታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ እስከ 30 ሜትር ያደርሳል፤ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻው ወሰን 40 ሜትር ነው። ደረሰኙ ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደ ተሸጠ በግልጽ ይጻፍ ብሎ መጠየቅ የነጋዴ ወግ ነው። የሙከራውን ገንዘብ ከፍለው «እኔ ተምሬአለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለሌላም መደብር እንዲሁ ብለው ይናገራሉ፤ አደገኛ ነገር ነው።

ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት የጤና መጠይቅ ይቀርባል። የአስም፣ የልብ፣ የጆሮ፣ የሚጥል በሽታ፣ የሚወሰዱ መድኀኒቶች ይጠየቃሉ፤ ከነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ሐኪም ፊርማ ሳያመጣ መውረድ አይገባውም። እኛ ሰዎች ቅጽ ሲቀርብልን ሁሉንም «የለም፣ የለም» እያልን መሙላት የለመድን ነን። የጉምሩክ ቅጽ ስሕተት ቢኖርበት ቅጣት ተከፍሎ ይስተካከላል፤ ይኸኛው ቅጽ ግን ማስተካከያ የለውም። ቅጹን ሳያስሞላ ዕቃ የሚያስታጥቅ መደብር ደግሞ ደንበኛውን አላከበረም።

አንድ አስተማሪ በባሕር ላይ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊወርድ የሚችለው የጀማሪዎች ቁጥር በፓዲ ደንብ ከ8 አይበልጥም፤ ጥቂቶች ቢሆኑ ይመረጣል። የአስተማሪውም የምስክር ወረቀት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይቻላል። የባንክ ዋስትናን በስልክ ሳያረጋግጥ ዕቃ የማያስጭን ነጋዴ፣ ራሱን ለማን አስረክቦ እንደሚወርድ ቢያረጋግጥ ምን ነውር አለው?

አሁን ወደ መደብሩ ጓዳ እንግባ፤ ምርመራው የሚሠራው እዚያ ነው። አየሩን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ነው። የኮምፕሬሰሩ መሳቢያ ቱቦ በጄኔሬተር ወይም በጀልባ ሞተር ጭስ አጠገብ ከተቀመጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየሩ ጋር ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በአውሮፓ ደንብ ለመጥለቂያ በሚሆን አየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 5 እጅ እንዲበልጥ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ጉልበቱ በአራት ይባዛል። አየሩ የዘይት ወይም የጎማ ሽታ ካለው ማጣሪያው እንዳለቀ ምልክት ነው። ማጣሪያ በሰዓት ተቈጥሮ የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ የሚቈጠርበት መዝገብ ይኖራል፤ መዝገቡን ማየት ይቻላል። አንዳንድ ባለመደብር የማጣሪያ ዋጋ ስለሚከብደው ቀኑን ያራዝማል። እንዲህ ያለው ቁጠባ በዳቦ ቤት ቢሆን ዳቦውን ያበላሽ ነበር፤ እዚህ ግን የሚበላሸው የሰው ነፍስ ነው።

ሲሊንደሩ በትከሻው ላይ የተቀረጸ ቁጥርና ቀን አለው። በብዙ አገር በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት ይፈተናል፤ በየዓመቱም ውስጡ በዓይን ይመረመራል። የብረቱ ሲሊንደር ውኃ ከገባበት ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ ግድግዳውን ያሳሳዋል፤ 200 ባር የታመቀበት ዕቃ ግድግዳው ሲሳሳ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። መተንፈሻውም በአምራቹ መመሪያ መሠረት በየጊዜው ተፈትቶ መታደስ ይገባዋል፤ ከባሕር በወጣ ቁጥርም በጨው አልባ ውኃ መታጠብ አለበት። የታጠቡና በጥላ የተሰቀሉ ዕቃዎች ያሉበት መደብርና ጨው የጋገረባቸው ዕቃዎች በፀሐይ የተጣሉበት መደብር ከበሩ ላይ ይለያያሉ።

ይህን ዕቃ ለማስመጣት ለሚያስብ ሰው በቅንፍ ያህል አንድ ነገር ላንሣ። የሲሊንደር አፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ መተንፈሻው እንደ ቀንበር ተጭኖ በብሎን የሚታሰርበት ነው፤ ሌላው ዲን የሚባለውና በጥርስ የሚጠመዘዘው ነው። ትእዛዝ ሲሰጥ ይህን ሳይለዩ «50 ሲሊንደር፣ 50 መተንፈሻ» ብሎ መጻፍ የማይገጣጠም ዕቃ ያስመጣል። አንድ የማውቀው ነጋዴ ለሌላ ሥራ የሚሆን የጋዝ መቆጣጠሪያ እንዲሁ አስመጥቶ ከላኪው ጋር ለስድስት ወር ተጻጽፏል። ጎማው ያለበት ዕቃም በሞቃት መጋዘን ከተቀመጠ ሳይሸጥ ያረጃል፤ ስለዚህ ብዙ አድርጎ ማከማቸት አይመከርም።

የጅቡቲ ባሕር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ውኃው በክረምታቸው እንኳ 25 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ በበጋ ከ30 ያልፋል። ከከተማው ማዶ የሙሻና የመስካሊ ደሴቶች አሉ፤ በዙሪያቸውም ጥልቀት የሌለው የዛጎል ድንጋይ ስላለ ለጀማሪ ይስማማል። ወደ ሰሜን፣ በባብ ኤል መንደብ ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶች ግን የውኃው ፍሰት ኀይለኛ ስለ ሆነ ለለመደ ሰው የተተወ ነው። ከሁሉም ይልቅ እንግዳ የሚስበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ጠረፍ የሚቀርበው ነባሪ ሻርክ ነው። ይህ ዓሣ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በዚያ የሚታዩት ብዙዎቹ ገና ግልገሎች ናቸው። ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለ ሆኑ ሰው አይነካም። የሚያስደንቀውም፣ እርሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ ከውኃው ላይ ስለሚበላ መነጽርና አጭር የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። ዋና የሚችልና ኮርስ ለመውሰድ ጊዜ የሌለው ነጋዴ ይህን ቢመርጥ ናይትሮጅንም ሆነ ሳንባ መቀደድ አያሳስበውም። ለቤት ጌጥ ብሎ የባሕር ድንጋይ አበባ ቆርጦ መውሰድ ግን አይገባም፤ ዓለም አቀፉ የአራዊትና የዕፀዋት ንግድ ስምምነት ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገር ይከለክላል፤ ጉምሩክ ላይ ሊያዝም ይችላል።

በመጨረሻ የደጋ አገር ሰዎችን የሚመለከተውን ጉዳይ እናንሣ። ጠላቂ ሰው ከባሕር ከወጣ በኋላ ወዲያው በአውሮፕላን እንዳይሄድ ይከለከላል። ምክንያቱ ያ የአምቦ ውኃ ነው፤ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ገና ሳይወጣ፣ ከላይ ያለው አየር ሲሳሳ ክዳኑ እንደ ገና ይከፈታል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቈይ ይመከራል። ይህን የማያውቅ አስተማሪ የለም። ነገር ግን ምክሩ የተጻፈው መኖሪያቸው በባሕር ዳር ለሆነ ሰዎች ስለ ሆነ፣ አንድ ነገር ይዘለላል። የመንገደኞች አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሳለ በውስጡ ያለው አየር ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። አዲስ አበባ ራሷ ያለችው ወደዚሁ በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ «አውሮፕላን አልተሳፈርኩም፤ በመኪና ነው የምመለሰው» ማለት ለኛ ሰው መከላከያ አይሆንም። በመኪናም ሆነ በባቡር ቢሄድ፣ ሲደርስ ያለበት ከፍታ ከአውሮፕላኑ ጋር አንድ ነው ሊባል ይችላል። እንዲያውም አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚመለስ ሌላ መንገደኛ ሰውነቱ ዕረፍት ያገኛል፤ የኛ ሰው ግን እዚያው ከፍታ ላይ ያድራል።

በምሳሌ እንየው። አንድ አስመጪ ዓርብ ሁለት ጊዜ ጠልቆ፣ የመጨረሻውን ከቀኑ በ10 ሰዓት ወጣ እንበል። 18 ሰዓት የሚሞላው ቅዳሜ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሌሊት በ11 ሰዓት በሚነሣ መኪና ቢሳፈር ያረፈው 13 ሰዓት ብቻ ነው። እርግጥ መንገዱ ብዙ ሰዓት በቆላ ይሄዳል፤ ነገር ግን ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ መወጣቱ አይቀርም። የጠዋቱን አውሮፕላን ቢይዝ ደግሞ ይባሱን ይቸኩላል። መጥለቁን ሐሙስ ማድረግ፣ ወይም ዓርብን ለአንድ ጥዋት መጥለቅ ብቻ ወስኖ ጉዞውን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጀመር ይህን ሁሉ ያቃልላል። ቲኬት ከመቍረጥ በፊት ለባለመደብሩ «የምመለሰው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከፍታው 2,300 ሜትር ያልፋል» ብሎ መንገር ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ደንበኞቹ ወደ ባሕር ዳር ከተማ የሚመለሱ ስለ ሆኑ እርሱ ራሱ ላያስበው ይችላል። ከደረሱም በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የእጅ መደንዘዝ ቢሰማ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው «ጠልቄ ነበር» የሚለው ቃል ነው፤ የጠለቀበትን ቀን፣ ሰዓትና ጥልቀት የያዘውን መዝገብም ይዞ መሄድ ይገባል።